ሦስተኛው «እንዴት አደራችሁ»

በ2081 ዓ.ም. ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጦይባ ይመር ዋሸች። የዋሸችው ለሰው አይደለም። በበሯ አጠገብ በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ ለተሰቀለ፣ የጫማ ካርቶን ለሚያህል ግራጫ ሣጥን ነው። ሣጥኑ እንደወትሮው ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ፣ «እንዴት አደራችሁ? ወንዙ እንዴት አደረ?» ሲል ጠየቃት።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለች።

«ተመዝግቧል። መልካም ቀን ይሁንላችሁ» አለና ዝም አለ።

ወንዙ ግን ደህና አላደረም። ሌሊቱን በሙሉ ተራራው ላይ ሲዘንብ ነው ያደረው፤ እንዲህ ሲሆን ወንዙ እያጓራ ነበር የሚነጋለት። ዛሬ ጦይባ ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ የሰማችው ቀጭን ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ልትናገረው አስባ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ አይነገርም።

የቡርቃ ሥር መንደር ደንብ ይኸው ነው። ሰው እናቱን በቀበረ ማግስት እንኳ «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ደህና፣ ይመስገን» ይላል። ሁለተኛ ይጠየቃል፤ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ? «ደህና፣ ይመስገን።» ሦስተኛ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «ለመሆኑ አንተ ራስህ እንዴት ነህ?» ሲባል ነው ጉዱ የሚወጣው። በመጀመሪያው ላይ ችግሩን የሚዘረግፍ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ሣጥኑን የተከሉት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ሦስት ጊዜ ሲጠይቅ ኖሯል። ባለፈው ሰኔ ግን ሥርዓቱ ታደሰ። ለየመንደሩ በቀን አራት ደቂቃ ይቆጥባል ተባለና ጥያቄው አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ አሥራ አንድ መላሾች፣ እያንዳንዳቸው ለአምስት ቤት፣ በየንጋቱ «ደህና» እያሉ ይመልሳሉ። ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ወር ቡርቃ ሥር በማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ከተራራው መንደሮች ሁሉ እጅግ ደህናው ሆኖ የምስጋና መልእክት ደረሰው።

መልሱ የሚሄደው ለቀያሽ ነው። ቀያሽ ከተማ ተቀምጦ በየማለዳው ተራራውን በሆዱ ውስጥ አርባ ሺህ ጊዜ የሚንድ ኮምፒውተር ነው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀጭን ጭቃ፣ አንዴ ቤት በሚያህል ድንጋይ ይንደዋል፤ ናዳው በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ በመጨረሻ የት እንደሚያርፍ ያያል። ድሮ መሬት ውስጥ የተቀበሩ መለኪያዎች ነበሩት፤ ዝገው ሲያልቁ ሌላ ከመቅበር ሰውን መጠየቅ ይቀላል ተባለ። በአንድ ሰዓት ካርታው ስልክ ላይ ይመጣል፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ቀይ የደረሰው ቤት ጎማ ያለውን ፍራሹን እየገፋ ጥንዱ ሆኖ ወደ ተመደበለት ነጭ ቤት ይሄዳል። ጦይባ አምና ሃያ ሦስት ቀን በሰው ቤት አድራለች፤ ሰውም በእሷ ቤት አድሯል። ልጆች ቆርቆሮ አዘንብለው ጭቃ እያፈሰሱ ቀያሽ ቀያሽ ይጫወታሉ። ትልልቆቹ ደግሞ «ጋሼ ቀያሹ ዛሬ ምን አሉ?» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ግን አንቱታ አለው፣ በአሥር ዓመት አንድም ሰው አላስበላምና።

ደግሞ ሕግ አለ። በክረምት ያለ ፈቃድ ከነጭ ቦታ ተነስቶ የሸሸ መንደር «ስጋት ነዢ» ይባላል። ከወንዙ ማዶ የነበረው ጭሬ አምባ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ በከንቱ ደንግጦ ሸሸ፤ በሦስተኛው መስከረም ሕዝቡ በሙሉ ተጭኖ ቆላ ሰፈረ። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነው ለቅሶ ብቻ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ለቅሶን ፈቃድ ማስጠየቅ እንደማይቻል ሳይገባቸው አልቀረም።

የዚያን ቀን ካርታ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። ደግሞም የሟቿ የእትዬ ዘሀራ አርባ ነው። ለሰደቃው ከወንዙ መታጠፊያ በታች ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ሁለት በሬ ታርዷል፣ መንደሩ እንዳለ ለምሳ እዚያ ይውላል። የጦይባ ልጅ ዘይነባ፣ ከአራስ ቤት ከወጣች ሁለት ወር ያልሞላት፣ ሕፃኗን አዝላ ከማለዳ ጀምሮ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ናት።

ጦይባ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ወንዙ ወረደች። ነገሩን ከልቧ ማውጣት አልቻለችም።

ወንዙ የለም። ትናንት ድንጋይ የሚያንከባልለው ውኃ ዛሬ ሕፃን ይሻገረዋል። የቀረው ደግሞ ቀይ ሆኖ የትኩስ አፈር ሽታ ይሸታል። ቀና ብላ ተራራውን አየችው፤ ዝናቡ ላይ ላይ አሁንም እየወረደ ነው። የዘነበው ውኃ አንድ ቦታ አለ፤ እዚህ ግን አይደለም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ማዕከሉ ጋ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ናርዶስ እባላለሁ፣ የቀያሽ ባለሙያ ነኝ። እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺስ እንዴት አደርሽ እህቴ?»

«ደህና ነኝ። ምን ልርዳዎት?»

«የቡርቃ ሥር መላሽ፣ ጦይባ ይመር ነኝ። ወንዙ ቆሟል። ጠዋት ደህና ብዬ ነበር፤ ደህና አልነበረም።»

ከማዶ ቁልፍ ሲነካ ተሰማ። «እትዬ ጦይባ፣ መልስ የሚታረመው እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ በማመልከቻ ነው፣ ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል። ደግሞ...» ልጅቱ ድምፅዋን አለዘበች። «አሁን ራሱ ደህና ብለው መለሱ እኮ። ጥሪው በቀጥታ ወደ ቀያሽ ነው የሚገባው። እንደ ሁለተኛ ማረጋገጫ ተይዟል።»

«ያ እኮ ሰላምታ ነው!»

«እኔስ ገብቶኛል እትዬ። እሱ ግን አይገባውም።»

ጦይባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለቻት። ልጅቱ ይጠይቁኝ አለች።

«ቀያሹ ወንዙ ደህና ነው ብሎ ሲያስብ ናዳውን በየት ይወስደዋል?»

«ጭቃው ቀጭን ይሆናል፤ መታጠፊያውን ይዞ፣ ሜዳውን በስተግራ ትቶ፣ ታች ድንጋያማው ላይ ያርፋል።»

«ላይ የጠበበው ቦታ ተዘግቶ ከሆነስ? ውኃው እዚያ ከተጠራቀመስ?»

ቁልፉ እንደገና ይነካካ ጀመር። ልጅቱ እየሠራችው እንደሆነ ጦይባ ገባት።

«እንደዚያ ከሆነ በአንዴ ነው የሚለቀቀው» አለች ናርዶስ። «ወፍራም ይሆናል፣ ግንድና ቋጥኝ ከፊቱ እየገፋ። መታጠፊያው አይዘውም፣ ይዘለዋል።»

«ዘሎ የት ያርፋል?»

«ሜዳው ላይ።» ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «እትዬ ጦይባ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም። ካርታው ነጭ ነው። እኔ ካርታ መቀየር አልችልም። ሜዳው ላይ ሰው አለ እንዴ?» አለች።

ጦይባ ስልኩን ሳትዘጋ ሮጠች።

ድንኳኑ ጋ ስትደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ከድንኳኑ አፍ እስከ ቅሬው፣ እስከ መንደሩ እድር ዳኛ መቀመጫ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች ሠላሳ እርምጃ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሰላም አላት። እንዴት ዋልሽ ጦይባ፣ ደህና፤ አባትሽ እንዴት ናቸው፣ ደህና፤ ጉልበታቸውስ፣ ይመስገን ደህና ነው። እያለከለከች ለእያንዳንዱ መለሰች፤ ሰው አልፎ መሄድ አታውቅበትም። ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ዳር ላይ ዘይነባ ሕፃኗን ወደ ጀርባዋ እያስተካከለች ወጥ ታማስላለች።

ጋሽ አሊጋዝ፣ የቅሬው ዳኛ፣ ሽበቱን በሒና ያቀላ፣ ነገር አብራጅነቱ እስከ ወረዳ የተሰማ ሰው ነው። ጎኑ ተንበርክካ በጆሮው ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ነጩን ካርታ አሳያት።

«ካርታውን እኔ ነኝ ያነጣሁት ጋሽ አሊጋዝ። ደህና አልኩት እኮ።»

«እኔም መላሽ ነኝ፣ ደህና ነው ያልኩት። አሥራ አንዳችንም ደህና ነው ያልነው። ታዲያ ሌላ ምን ይባላል?»

«ወንዙን ሂድና እየው በአላህ።»

ፊቱ ላይ ጥላ አለፈ። ሞኝ አይደለም፤ ንጋቱ ላይ የወንዙን ዝምታ እሱም ሰምቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚኝ ልጄ። አንዴ አምና ሸሽተናል፣ ተመዝግቦብናል። ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው አስነስቼ ባይመጣስ? ለመስከረም ቆላ ነን። ሽማግሌዎቹ ቆላ አንድ ክረምት አይሻገሩም። ከጭሬ አምባ ከሄዱት ስንቱን ቀበርን? አብሽሪ፣ ቁጭ በይና ብዪ» አላት።

ጦይባ ወጣች። ያወጣትም እግሯ ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችውም። ከድንኳኑ ካስማ ሥር ጥሩምባ ነፊው አህመዴ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሥጋ ይቆረጥማል። በክረምት ኔትዎርክ ስለሚጠፋ ቅሬው ጥሩምባውን አልተወውም። ደንቡም አልተለወጠም፦ መርዶ የሰማ ሰው እጁ ላይ ያለውን ጥሎ፣ ጉርሻም ከሆነ መልሶ፣ ወደ ለቅሶው ቤት ይነሳል። የዘገየ ይቀጣል፤ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፣ ከቅሬ የወጣን ደግሞ ማንም አይቀብረውም።

ሸንተረሩ ላይ፣ ከሜዳው የሃያ ደቂቃ አቀበት፣ ሰው ያለበት ቤት ዛሬ አንድ ብቻ ነው። ጉልበቱ አላስወርድ ያለው፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላው የአባቷ የይመር ሙሄ ቤት።

በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አፏ እምቢ አላት። የአባቷን ስምና ያችን ቃል አንድ ላይ ማውጣት አልቻለችም፤ ቢቆርጧትም አትችልም። ሻሿን ከራሷ ገፈፈችና ወገቧ ላይ ታጠቀችው። ደረቷን መታች። የወጣላት አንድ ቃል ነው።

«አባዬ!»

አህመዴ ሥጋውን ጣለው። ምንም አልጠየቃትም፤ ጥሩምባውን አነሳ።

ሁለት መቶ አርባ ሰው ተነሳ። ድንኳኑ ውስጥ ሳህን የተጋጨው ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ወንዶቹ በመንገዳቸው ከቅሬ ቤቱ ቃሬዛውን አነሱ፣ ሴቶቹ እየጮኹ ቀደሙ፣ ወጥ ሠሪዎቹ እሳቱን እንዳለ ትተው ተከተሉ። ዘይነባ «አያቴን!» እያለች እናቷን አልፋ ሮጠች። ጦይባ ስታለቅስ ለማስመሰል አልተቸገረችም፤ የምር ነው ያለቀሰችው። ሽማግሌዎቹን ተሸክሞ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

አባ ይመር በሩ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር። ሰዉ ሲመጣ አይቶ ገመዱን አስቀመጠ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

አንዲት ሴት እልል ልትል ቃጥቷት አፏን ያዘች። ዘይነባ አያቷ እግር ላይ ተደፋች። ጋሽ አሊጋዝ ከኋላ እያለከለከ ደርሶ ሽማግሌውን አየ፣ ጦይባን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«በቁም ያለ ሰው መርዶ! በአባቷ! አርባ ዓመት ስዳኝ እንዲህ ያለ አላየሁም። ጦይባ፣ ከቅሬው ወጥተሻል። ሰዎች፣ ወደ ሰደቃው ተመለሱ፤ የሙት ምግብ ቀዝቅዟል።»

ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። ተራራው ዝም ብሏል። ሜዳው ከታች አረንጓዴ ሆኖ፣ ድንኳኑ ነጭ ሆኖ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጦይባ ካርታው ትክክል ቢሆንስ ብላ አሰበች። እንደዚያ ከሆነ አባቷን በከንቱ ገድላዋለች።

አባቷ እጇን ያዛት።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ሁሉ ደህና?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ?»

ያን ጊዜ ነገረችው። ወንዙን፣ ሣጥኑን፣ የከተማዋን ልጅ፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እሱ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ምርኩዙን ይዞ ተነሳ፣ እያነከሰ ወደ ቃሬዛው ሄደ፣ ጋቢውን አራገፈና በላዩ ላይ ተጋደመ።

«አሊጋዝ!» አለ ከተጋደመበት። ድምፁ የወጣትነቱን ያህል ነበር። «ሬሳ ሳይቀበር ቅሬ ይበተናል እንዴ? ደንቡን የጻፍከው አንተ አይደለህም?»

«አባ ይመር፣ ኧረ እየቀለድክ ነው?»

«መርዶዬ ተነግሯል፣ ጥሩምባ ተነፍቷል፣ ቃሬዛ መጥቷል። ከዚህ ቀልድ ያለው የቱ ነው? ሟች ጥሎ የሚሄድ ይሂድ፤ እኔ እንደሆንኩ ነገ በምሬ የሞትኩ እንደሆን ስሙን ይዤ ነው የምሄድ።» ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተቆጣ። አንድም ሰው ግን እርምጃ አላነሳም። ጋሽ አሊጋዝ በቆመበት ጺሙን አሸ፣ ወደ ሜዳው አየ፣ ወደ ተራራው አየ። ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ሰው ሰበብ ሲሰጠው ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ ጦይባ ያን ቀን አየች።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ። «ተቀመጡ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።»

ተቀመጡ። ሕፃን አለቀሰ፣ ጡት ተሰጠው። ስልኮች በየእጁ በርተው ነጩን ካርታ ያሳያሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ከሩብ ሆነ። አንድ ወጣት «እኔ ርቦኛል» ብሎ ሊነሳ ሲል ሽማግሌው ከጋቢው ሥር «ለቀስተኛ አይርበውም» አለው፤ ተቀመጠ።

ከስድስት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል መሬቱ ከሥራቸው ደለቅ ደለቅ አለ። መጀመሪያ ድምፁ አልመጣም፤ ሽታው ቀደመ፣ ያው የትኩስ አፈር ሽታ። ከዚያ ከጠበበው ቦታ ጥቁር ነገር ወጣ። ከፊቱ ግንድና ቋጥኝ እየገፋ፣ ከኋላ እየተነባበረ፣ ሮጦ ሳይሆን ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው እያቃሰተ ወረደ። መታጠፊያው ላይ ደረሰ። አልታጠፈም። ዘለለው።

ድንኳኑ ጠፋ፣ ድስቶቹ ጠፉ፣ ጭሱም ጠፋ። ናዳው በሜዳው ላይ ተዘረጋና ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ሲያርፍ ድምፅ አልነበረውም። ትልቁ ቋጥኝ የቆመው ወጥ ሠሪዎቹ ጉልቻ የተከሉበት ቦታ ላይ ነው። ዘይነባ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

«መጣ?» አለ ሽማግሌው ጋቢውን ሳይገልጥ።

«መጣ አባዬ።»

«የት አረፈ?»

«ሜዳው ላይ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ግን ቶሎ አልተነሳም። ጋቢው ትከሻው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየው። ጋሽ አሊጋዝ ራሱ ሄዶ፣ ተንበርክኮ፣ ከቃሬዛው ላይ ደግፎ አነሳው። ከዚያ ወደ ጦይባ ዞሮ የሚለውን ፈለገ፣ አጣው፣ «እንዴት ዋልሽ?» አላት። ሦስት ጊዜ ጠየቃት።

በማግስቱ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሣጥኑ ከጥያቄው በፊት የትናንቱን አነበበ፦ «ቡርቃ ሥር። ሟች፣ አንድ። ይመር ሙሄ። በወቅቱ ካርታው፣ ነጭ። የዓመቱ ትክክለኛነት፣ ዘጠና ስምንት በመቶ።» መርዶው ከምሰሶዎቹ በአንዱ በኩል ተሰምቶ ገብቷል። ማረሚያው በማመልከቻ ነው። ጦይባ ቤት ያደረው «ሟች» ከውስጥ ሆኖ ሰምቶ፣ «እኔንም ቆጠሩኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ብዙ አልቆየም።

«እንዴት አደራችሁ? ወንዙ እንዴት አደረ?»

አርባ ስድስት ዓመት የለመደ ምላሷ «ደህና» አለባት። ጦይባ ምሰሶውን በእጇ ያዘችው፣ እንዳይሸሽ እንደሚያዝ ሰው።

«...አላደርንም» አለች።

ለሣጥኑ እንዲህ ያለ መልስ በመጀመሪያው ላይ ተሰጥቶት አያውቅም። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እንዴት አደራችሁ?» አለ።

«ደህና አላደርንም።»

ከታች ከጋሽ አሊጋዝ በር ያው ቃል ተሰማ፣ የሽማግሌ ድምፅ፣ ተሰባብሮ፣ እንደሚያፍር ሰው። ከዚያ ከሌላ ምሰሶ፣ ከዚያ ከሌላ። መንደሩ በሙሉ አሳዳጊ የበደለው ሆኖ በአንድ ማለዳ ባለጌ ሆነ።

«ይቅርታ» አለ ሣጥኑ፣ «አልገባኝም። እንዴት አደራችሁ?»

«ሦስተኛው ነው» አለ አባቷ ከውስጥ። «አሁን ንገሪው።»

ጦይባ ከምሰሶው ሥር ቁጭ አለችና ከወንዙ ጀመረች።